አዲሱ ኮምፒውተር የድሮውን ፋይል የማንበብ ግዴታ አለበት

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ አለኝ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ ኮምፒውተሩን ፎርማት አስደርጎ ወይም አዲስ ገዝቶ የሚመጣ ሰው በዝቷል። የብዙዎቹ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ፋይሌ ለምን አይነበብም?» ኃላፊነቱን ወስዶ የሚመልስላቸው ስለጠፋ ነው የምጽፍላችሁ።

በቅርቡ አንድ የእድር ሰብሳቢ መተዳደሪያ ደንባቸውን በፍላሽ ይዘው መጡ። ሁለት አንቀጽ ማሻሻል ነበር የፈለጉት። ፋይሉ ተከፈተ። ሠንጠረዡ ቦታው ላይ ነው፣ የገጽ ቁጥሩም ልክ ነው፣ ለማኅተም የተተወው ክፍት ቦታ እንኳ አልተነካም። አማርኛው ግን የለም። ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ብቻ። «ቫይረስ ገብቶበት ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። አይደለም አባባ፣ የጠፋው ፎንቱ ነው፣ የፊደሉን ቅርጽ የሚያሳየው ፋይል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚያገኙበት የጋራ መለያ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ እኛ አገርማ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የምንጽፈው ለላቲን ፊደል በተመደበ ቦታ ላይ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። በእነዚያ ፎንቶች ያለው ቦታ ቢበዛ 256 ነው፣ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለሌላ ሥራ የተያዘ ስለሆነ ፊደላችን አልበቃውም። አንዱ ሠሪ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው የፊደሉን ቅጥያ ለብቻው አድርጎ ከላይ ደረበው፣ እያንዳንዱም በመሰለው ቁጥር ላይ አስቀመጠ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የተጻፈው ላቲን መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ፎርማት ተደርጎ ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል።

ማይክሮሶፍትን ያለ ጥፋቱ መውቀስ አልፈልግም። ኦፊስ 2007 ከድሮው የፋይል ዓይነት ከዶክ ወደ አዲሱ ዶክኤክስ ሲሸጋገር፣ በድሮው ኦፊስ ለሚሠሩ ሰዎች አዲሱን ፋይል የሚከፍት ማሟያ በነፃ ሰጥቷል። ዎርድ ዛሬም በዎርድ 97 የተጻፈ ዶክ ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለኦፊስ 2003 ባወጣው ማሻሻያ በጣም የቆዩ ፋይሎችን ለደኅንነት ብሎ ሲዘጋ ተጠቃሚው ጮኸ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያም መክፈቻውን አቀለለው። ተጠያቂ ባለቤት ስለነበረ ነው እንዲህ የሆነው። ዎርድ ግን የሚጠብቀው ፋይሉን ነው። የእኛን ፊደል አደራ የወሰደ አልነበረም።

ልዩነቱን ለማየት በኒያላ የተጻፈ ፋይል ክፈቱ። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ፎንት ነው። በዊንዶውስ 10 ግን ካልጨመሩት በቀር አብሮ አይጫንም። ስለዚህ ጽሑፉ በሌላ ፎንት ይመጣል፣ መስመሩ ይዛነፋል፣ ገጹም ሊጨምር ይችላል፣ ይህም ቢሆን ያበሳጫል። ግን ይነበባል! ምክንያቱም በዩኒኮድ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፣ ፎንት ቢቀየርም ቁጥሩ አይቀየርም።

«ፒዲኤፍ አድርገህ አስቀምጠው» የሚሉ አሉ። ለዓይን ያምራል፣ ለኅትመትም ይሆናል። ነገር ግን በድሮው ፎንት ከተሠራ ፒዲኤፍ ላይ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉ፣ ያው ላቲን ነው የሚወጣው። ፋይሉ ውስጥ «እድር» ብላችሁ ብትፈልጉም አታገኙም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የድሮዎቹን ፎንቶች የሠራችሁ ሰዎች፣ የትኛው ቁጥር ላይ የትኛውን ፊደል እንዳስቀመጣችሁ ሰንጠረዡን ለሕዝብ ልቀቁልን። ገበያችሁን አይነካም፣ ዛሬ በእነሱ አዲስ ነገር የሚጽፍ ጥቂት ነው፣ እኛ ግን መለወጫ ለመሥራት በግምት እየዳከርን ነው። መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የድሮውን ኮምፒውተር ከማስወገዳችሁ በፊት ፎንቱ እያለ ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ አስለውጡ። ዋናውንም አትጣሉ፣ መለወጫ አንዳንዴ ፊደል ይስታል፣ የውል ቃል ላይ ደግሞ አንድ ፊደል ብዙ ነገር ያበላሻል። አዲስ ሶፍትዌር በጨረታ ስትገዙም የድሮውን መረጃ ማንበብ እንዳለበት ሰነዱ ላይ ጻፉት፣ ከተገዛ በኋላ የሚሰማችሁ የለም። ኮምፒውተር ጠጋኝ ወንድሞቼ፣ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ፎንትስ የሚለውን ፎልደር ወደ ፍላሽ ኮፒ አድርጉ። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

እናንተንም አንድ ነገር ልጠይቅ። የጋዜጣችሁ የድሮ እትሞች በምን ፎንት ነው የተቀመጡት? ወደ ዩኒኮድ ተለውጠዋል? ካልተለወጡስ ሥራው መቼ ይጀመራል? መልሱን በዚሁ ገጽ ብታወጡት ደስ ይለኛል።

የጽሕፈት ሱቅ ባለቤት፣ ከቱሉ ዲምቱ