«ብቻዎን ነዎት?»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጉዞ ዓምዳችሁን ካነበብኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ንዴቴ እስኪበርድ ነው የቆየሁት። ጸሐፊው ብቻቸውን ለሚጓዙ ሰዎች ምክር እለግሳለሁ ብሎ ይጀምራል። ሴት ላይ ሲደርስ ግን «ቢቻል አብሯት የሚሄድ ሰው ብትፈልግ» ብሎ ያርፈዋል።

እኔ 54 ዓመቴ ነው። ሙያዬ ሒሳብ ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ አብሮኝ የሚሄድ ሰው ስፈልግ ሦስት ዓመት አለፈ። አንዷ ጓደኛዬ ፈቃድ አጣች። አንዷን ጉልበቷን ያማታል። ሌላዋ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእሷ ጋር ከምሄድ ቤቴ ብቀመጥ ይሻለኛል። ስለዚህ ብቻዬን ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ሄጃለሁ።

የመጀመሪያውን ምሽት ልንገራችሁ። ሆቴል የደረስኩት ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ሪሴፕሽን ላይ ያለው ልጅ ፓስፖርቴን ገለጠና ጮክ ብሎ «ብቻዎን ነዎት?» አለኝ። አዎ አልኩ። «312 ቁጥር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው ተከትሎኝ ሊፍት ውስጥ ገባ። እኔ 3ን ተጫንኩ። እሱ ምንም አልተጫነም።

ምስኪን እንግዳ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ ፎቅ ይሆናላ ማረፊያው! ግን ይህን የማጣራበት ቦታ እዚያ ኮሪደር መጨረሻ አልነበረም። በሩ ሲከፈት «ውይ፣ ስልኬን ረሳሁ» አልኩና ሳልወርድ የምድር ቤቱን ቁልፍ ተጫንኩ። ሰውዬው ወረደ። እኔ ተመለስኩ። አሁን ሪሴፕሽን ላይ ጠና ያለች ሴት ነበረች። ክፍል እንድትቀይርልኝ ስጠይቃት ለምን አላለችኝም። አዲሱን ቁጥር ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈች፣ ገለበጠችው፣ በጣቷ ወደ እኔ ገፋችው። አንድም ቃል አልወጣትም። ያቺን ወረቀት እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣታለሁ።

እንግዲህ ያን ምሽት አብሮኝ ሰው ስላልነበረ ነው የተቸገርኩት? አይደለም። የአንድ ሠራተኛ አፍ ነው ያስቸገረኝ። ግማሹ ጥፋት ደግሞ የኔ ነው። ትኬቱ የረከሰው ሌሊት ስለሚያርፍ ነበር፤ እኔም አተረፍኩ ብዬ ገዛሁ። ደክሞኝ፣ ጨልሞ፣ አገሩን ሳላውቀው ደረስኩ። አሁን ለቀን በረራ የምከፍለውን ልዩነት የጉዞ በጀቴ ውስጥ «ጥበቃ» በሚል ርዕስ እመዘግበዋለሁ። የሒሳብ ሰው ቀልድ ነው፣ ይቅርታ።

ልጄ ያኔ ሊያስቀረኝ ያላለው ነገር የለም። «ቢያስሩሽስ?» ሁሉ ብሎኛል። ምን አድርጌ እንደምታሰር እንጃ። ለማንኛውም እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቪዬና የቆንስላ ስምምነት አንቀጽ 36 አለ፤ በሰው አገር የተያዘ ሰው ለቆንስላው ይነገርልኝ ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። የኤምባሲውን ስልክ ጽፌ አሳየሁት። የአደጋ ጊዜ ቁጥርም እንዲሁ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በአሜሪካና በካናዳ 911። ትንሽ ተረጋጋ።

የጻፍኩት ወረቀት ላይ ነው። ሁለተኛው ጉዞዬ ላይ የሆቴሉ አድራሻ ስልኬ ውስጥ ነበር፣ ስልኬ ደግሞ ባትሪው አለቀ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተንከራተትኩ። አሁን አድራሻውን በአገሩ ፊደል አስጽፌ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ለታክሲ ሹፌሩ ማሳየት ብቻ ነው። ፓወር ባንክም ገዛሁ። እሱ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ አይገባም፣ በእጅ ነው የሚያዘው። የሚይዘው ኃይል ከ100 ዋት ሰዓት በታች ከሆነ የተለየ ፈቃድ አይጠይቅም። የኔ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይላል፤ በ3.7 ቮልት ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል 74 ዋት ሰዓት ይመጣል። በቂ ነው።

ካርታ መንገድ ላይ ቆሜ አላይም። ከክፍሌ ሳልወጣ አያለሁ፣ ሁለት መታጠፊያ በቃሌ እይዛለሁ፣ እወጣለሁ። ሰዎች «እንዴት ደፋር ነሽ» ይሉኛል። ድፍረት አይደለም፤ ሁለቱን መታጠፊያ ስለማውቅ ነው አንገቴን ቀና የማደርገው።

አንድ ነገር ግን ከብዶኛል። «ብቻዎን ነዎት?» ሲሉኝ «ባለቤቴ እየመጣ ነው» እንድል የመከሩኝ ብዙ ናቸው። አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ሞከርኩት። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ተናነቀኝ፤ ቀሪውን መንገድ በመስኮት እያየሁ እንባዬን ስጠርግ ነበር። ሁለተኛ አልደገምኩትም። አሁን «ጓደኞቼ እየጠበቁኝ ነው» እላለሁ። ይሄኛው ውሸት ይቀለኛል።

የእናንተ ጸሐፊ ያለው ነገር አዲስ አይደለም። ኔሊ ብላይ የምትባል የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ዓለምን ልዙር ብላ ስትጠይቅ፣ የጋዜጣዋ ኃላፊ ሴት ስለሆንሽ ጠባቂ ያስፈልግሻል፣ ሻንጣሽም ይበዛል ብሏት ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1889 አንዲት ትንሽ የእጅ ቦርሳ ይዛ ወጣች። በ72 ቀን ዞራ ተመለሰች። ያኔም የከለከለው የጋዜጣ ቤት ሰው መሆኑ ትንሽ አስቆኛል። አትቀየሙኝ።

ስለዚህ ዓምዳችሁ ሸኚ ፈልጊ ከሚለኝ፣ ለሆቴል ሠራተኞች ቢጽፍ ደስ ይለኛል። የክፍል ቁጥር ጮክ ብላችሁ አትጥሩ። ጽፋችሁ ስጡ። እንግዳው ብቻውን መሆኑ መዝገባችሁ ላይ ስላለ ሰው ፊት አትጠይቁት። ለወንዱም ለሴቱም ይጠቅማል፣ ወጪ የለውም።

እኔ በሚቀጥለው ወር እሄዳለሁ። ትኬቴ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው የሚያርፈው። ማታ ማታ በር ሥር የምወትፋት አንዲት የጎማ ሽብልቅ አለችኝ። ያ «ቢያስሩሽስ» ያለኝ ልጄ ብቻውን ለሥራ ሲሄድ ተውሶኝ ነበር። እስካሁን አልመለሰልኝም።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ