ስለ አዲሱ የወር ክፍያ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ይድረሳችሁ። ስለ አውሮፕላን ኪራያችን አዲስ አከፋፈል የላክንላችሁ አጭር መልእክት ብዙዎቻችሁን እንዳስቀየመ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ ነገራችሁኝ። ሌሎቻችሁ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ጻፋችሁ። የጻፋችሁትን በሙሉ አንብቤዋለሁ። ቅር ላላችሁ ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውሳኔው ግን ይጸናል። ምክንያቱ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጽፍላችሁ ወሰንኩ።

መጀመሪያ ለውጡን ልድገመው፤ ከሰው አፍ ሰምቶ የተሳሳተም አለና። እስካሁን ትንሿን አውሮፕላናችንን፣ ሴስናችንን፣ በሰዓት 175 ዶላር እናከራይ ነበር። ነዳጁን የምንችለው እኛ ነበርን። ከአሁን በኋላ እያንዳንዱ አባል በወር 120 ዶላር ይከፍላል። ሲበር በሰዓት 80 ዶላር ይከፍላል፣ ነዳጁንም ራሱ ይሞላል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ደግሞ በሆብስ መሆኑ ቀርቶ በታክ ይሆናል፤ ሁለቱም የሞተሩ ሰዓት ቆጣሪዎች ናቸው፣ ልዩነታቸውን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ግሩፑ ላይ ደጋግሞ የመጣው ጥያቄ «ባልበረርኩበት ወር ለምን እከፍላለሁ?» የሚለው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱም ግልጽ ነው። አውሮፕላን ገንዘብ የምትበላው ስትበር ብቻ አይደለም። ቆማም ትበላለች፤ እንዲያውም የቆመችው ትብሳለች።

አውሮፕላኗ በምታርፍበት በማናሳስ ሜዳ ለማቆሚያው በየወሩ ኪራይ እንከፍላለን። ኢንሹራንሱ በረረች አልበረረች ብሎ አይጠይቅም፤ ቀኑ ሲደርስ ይከፈላል፣ ሲታደስም ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አላየሁም። በየ12 ወሩ የግድ የሚደረግ ዓመታዊ ፍተሻ አለ። ትራንስፖንደሩ፣ ማለትም አውሮፕላኗን ለራዳር የሚያሳውቀው መሣሪያ፣ በየ24 ወሩ ይፈተሻል። ይህ ሁሉ አንዲት ደቂቃ ሳትበሩም የሚወጣ ነው። ለሂሳብ እንዲመቸን ቋሚ ወጪው በዓመት 18 ሺህ ዶላር ነው እንበል። አውሮፕላኗ በዓመት 100 ሰዓት ብቻ ከበረረች፣ ገና ነዳጅ ሳይገባባት እያንዳንዱ ሰዓት 180 ዶላር ዕዳ ይዞ ይነሳል። 300 ሰዓት ከበረረች ግን የእያንዳንዱ ሰዓት ድርሻ ወደ 60 ዶላር ይወርዳል። ትንሽ አውሮፕላን በርካሽ የማብረር ምስጢሩ ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ምስጢሩ ነዳጅ ይመስለዋል። ነዳጅ ሁለተኛ ነው።

እድር የምንከፍለው በቤታችን ሰው በሞተበት ወር ብቻ ነው? አይደለም። ድንኳኑና ወንበሩ በሚያስፈልገን ቀን እንዲገኝ በየወሩ እናዋጣለን። የእኛም 120 ዶላር ይኸው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ደውላችሁ «ነጻ ናት?» ስትሉ አውሮፕላኗ ፍተሻዋን አልፋ፣ ኢንሹራንሷ ተከፍሎ እንድትጠብቃችሁ የሚከፈል ነው። እስከ ዛሬ ይህን ወጪ ብዙ የሚበሩት ለማይበሩት ሲከፍሉ ኖረዋል። የጎደለውን ደግሞ እኔና ባለቤቴ ሞልተናል። ባለቤቴ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት ሠርታ ያመጣችው ገንዘብ ለኢንሹራንስ የገባበት ክረምት አለ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁንም የምጽፈው ልታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። «ትርፍ በዛበትና ጨመረ» የሚል ስላየሁ ነው።

መቆም ሞተሩንም ይጎዳል። የእኛዋ ሴስና 172 በ1981 የተሠራች ናት። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር ላይካሚንግ ሲሆን 160 የፈረስ ጉልበት አለው። በዚህ ሞተር ካምሻፍቱ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ የተቀመጠው ከላይ ነው። ሞተሩ ለሳምንታት ሲቆም ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ወደ ታች ይወርድና ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። እርጥበት ሲያገኘው ዝገት ይጀምራል። «መሬት ላይ ትንሽ አስነስተህ አሙቀው» የምትሉኝ ወዳጆች አላችሁ። ይህ ይበልጥ ይጎዳል። በዘይቱ ውስጥ ያለው ውሃ ተንኖ የሚወጣው ሞተሩ በበረራ ላይ በደንብ ሲሞቅ ነው። መሬት ላይ ለጥቂት ደቂቃ ማስነሳት እርጥበት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አምራቹ ሞተሩ በ2,000 ሰዓት ወይም በ12 ዓመት እንዲታደስ ይመክራል። ልብ በሉ፣ ዓመትም ይቆጠራል። እድሳቱ ዛሬ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ይፈልጋል። ከምትከፍሉት 80 ዶላር ውስጥ 15ቱ በቀጥታ ለዚያ ቀን ይቀመጣል።

ሌላም አለ። ተሳፋሪ ለመጫን በ90 ቀን ውስጥ 3 ጊዜ መነሳትና ማረፍ ሕጉ ያስገድዳል። ያ ዝቅተኛው ነው። በሦስት ወር አንዴ የሚመጣ አብራሪ እጁ ይከብደዋል፤ ጎማውም ያንን ይናገራል። በየወሩ የከፈለ ሰው በየወሩ ይመጣል። በየወሩ የሚመጣ አብራሪ ደግሞ ልጆቹን አሳፍሮ ሲነሳ እኔም እፎይ ብዬ አየዋለሁ።

ስለ ነዳጁ ልንገራችሁ። ነዳጅ እኛ በምንችልበት ጊዜ ጠንቃቃውም ግድየለሹም እኩል ይከፍሉ ነበር። አንዱ 7,500 ጫማ ላይ ወጥቶ፣ ስሮትሉን (የኃይል መቆጣጠሪያውን) መጥኖ፣ ቀይዋን የሚክስቸር እጀታ (ከአየር ጋር የሚቀላቀለውን ነዳጅ የምትመጥነውን) በሥርዓት ስቦ በሰዓት 7 ተኩል ጋሎን ያቃጥላል። ሌላው ከመነሳት እስከ ማረፍ ሚክስቸሩን ሙሉ ገፍቶ 10 ጋሎን አካባቢ ያቃጥላል። በእኛ አካባቢ የአውሮፕላን ቤንዚን በጋሎን ከ6 ዶላር በላይ ነው። ልዩነቱ በየሰዓቱ 15 ዶላር ይሆናል። ይህን ልዩነት ማን ሲከፍለው ኖረ? ጠንቃቃው ነው። ፍትሕ አይደለም።

አሁን የቆጠባችሁት የራሳችሁ ነው። አደራረጉን ለምታውቁ ይቅርታ፣ ለአዲሶቹ ልድገመው። ለመነሳትና ለመውጣት ሚክስቸሩ ሙሉ ይሁን። ከፍታችሁን ይዛችሁ ኃይሉን ከ75 በመቶ በታች ካደረጋችሁ በኋላ፣ ሞተሩ መንገጫገጭ እስኪጀምር እጀታዋን ቀስ እያላችሁ ሳቡ። ከዚያ እስኪለሰልስ ድረስ ጥቂት መልሱ። መሬት ላይ ስትነዱም ሳብ አድርጓት። ነዳጃችን ሊድ (እርሳስ) ስላለበት ሚክስቸሩ ሲበዛ ካንዴላው ይቆሽሻል። ካንዴላ ለማጽዳት የተሰረዘውን የቅዳሜ በረራ ታስታውሱታላችሁ።

ፍጥነትም እንደዚሁ ነው። ከፍታ ይዛችሁ በምትጓዙበት ፍጥነት ዋናው ጠላት አየሩ ነው። 10 በመቶ ፈጥናችሁ ለመሄድ ሞተሩ ሲሶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ማውጣት አለበት። ከማናሳስ እስከ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ኦሽን ሲቲ በአየር መስመር 115 ኖቲካል ማይል ገደማ ነው። በ120 ኖት (በሰዓት 120 ኖቲካል ማይል) እና በ108 ኖት መካከል ያለው ልዩነት 7 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በመኪና ቢሆን በመንገዱ ላይ ያለው የቤይ ብሪጅ ድልድይ ሰልፍ ብቻ ስንት ደቂቃ እንደሚበላ ታውቃላችሁ። ለሞተሩ ግን ያቺ ቀነስ ያለች ፍጥነት ዕድሜ ናት።

ነዳጁ በእናንተ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። እስካሁን ሁሉም እስከ አፉ ሞልቶ ይነሳ ነበር። ነዳጅ በጋሎን 6 ፓውንድ ይመዝናል። እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ሉሬይ ደርሶ ለመመለስ 40 ጋሎን ምን ያደርጋል? መጠባበቂያችሁን ሳትነኩ ለጉዟችሁ የሚበቃውን ብቻ ያዙ፤ ለሰውና ለሻንጣ ቦታ ይተርፋችኋል። ርካሽ ነዳጅ ያለበት ሜዳ ካገኛችሁ እዚያ ሞልታችሁ ተመለሱ። የራይት ወንድማማቾች በ1903 የበረሩበት ኪል ዴቭል ሂልስ ያለው ሜዳ ግን ነዳጅ የለውም፤ ስትሄዱ ከወዲሁ አስቡበት። የጓደኛ ድርሻን በተመለከተም ሕጉ ይፈቅዳል። ነዳጁንና ኪራዩን ከተሳፋሪዎቻችሁ ጋር እኩል መካፈል ትችላላችሁ። አብራሪው ከራሱ ድርሻ በታች መክፈል ግን አይችልም።

ታክን ማንም አላነሳልኝም፤ ይህ ትንሽ አሳዝኖኛል። ሆብስ ሞተሩ ከተነሳ ጀምሮ እኩል ይቆጥራል። ታክ የሞተሩን ዙር ተከትሎ ይቆጥራል፤ ሞተሩ ዝግ ሲል እሱም ዝግ ይላል። እኛ ያለነው በዋሽንግተን ልዩ የበረራ ክልል ውስጥ ነው። ለትራንስፖንደሩ የሚገባው ኮድ ከተቆጣጣሪዎች እስኪሰጠን መሬት ላይ ሞተር አስነስተን እንጠብቃለን። በሆብስ ያ ጥበቃ ሙሉ ይከፈልበት ነበር። በታክ በጣም ይቀንሳል። ይህን የጨመርኩት ለእናንተ ብዬ ነው፤ ለድርጅቱ ገቢ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ሂሳቡን እንዳለ ላስቀምጠው። በወር አንድ ሰዓት ብቻ የሚበር ሰው ድሮ 175 ዶላር ይከፍል ነበር፤ አሁን ነዳጁ ገብቶ፣ ታክ የሚቀንሰውም ታስቦ፣ 235 ዶላር ገደማ ይደርስበታል። ይጨምርበታል፣ አልደብቅም። በወር 4 ሰዓት የሚበር ሰው ድሮ 700 ዶላር ይከፍል ነበር፤ አሁን 580 ዶላር ገደማ ይሆንለታል። ሚዛኑ የሚዞረው በወር 2 ሰዓት አካባቢ ላይ ነው።

ከሁሉ ያመመኝ ግን ዋጋው ላይ የተባለው አይደለም። «የራሳችን ሰው ሆኖ እንዲህ ያደርጋል?» የሚለው ነው። ያደግሁት ደብረ ዘይት ነው። አባቴ አየር ኃይል ውስጥ የሞተር ቴክኒሺያን ነበር። ማታ ሲገባ ልብሱ የሚሸተው የአውሮፕላን ዘይት ነበር፤ እኔ ለዚህ ሥራ የተሸነፍኩት ያኔ ነው። እዚህ ስመጣ ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ ቀን የመካኒክነት ትምህርት ተማርኩ። ፈቃዴን ሳገኝ በየሜዳው የማየው የሌሎችን አውሮፕላን ነበር። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ስንት መብረር የሚመኝ ሐበሻ እንዳለ አውቅ ነበር። ታክሲ የሚነዳ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ፣ ልጅነቱን ቀና ብሎ ሰማይ ሲያይ የኖረ ሰው ሁሉ አውሮፕላን ለሀብታም ብቻ ነው ይለኝ ነበር። ለሀብታም ብቻ አይደለም ብዬ ነው ይህን የጀመርኩት። በ1935 አዲስ አበባ የተሠራችውን «ፀሐይ» አውሮፕላን ጣሊያን በ2024 መጀመሪያ ላይ ስትመልስ፣ ግሩፓችን ላይ የነበረውን ደስታ ታስታውሱታላችሁ። እኔም አልቅሻለሁ። ትንሽ አውሮፕላን በእጃችን መያዝ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን አይታችኋል።

ሌሎች መንገዶች ነበሩኝ። ሰዓቱን 210 ዶላር ማድረግ እችል ነበር። ያን ባደርግ ብዙ የሚበሩት ይሸሻሉ፣ አውሮፕላኗ ይበልጥ ትቆማለች፣ ዋጋውም እንደገና ይወጣል። መሸጥም እችል ነበር። አዲስ 172 ዛሬ ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ስለሆነ አሮጌዎቹም ተወደዋል። ከሌላ ስቴት ጥሩ ዋጋ ይዞ የመጣ ገዢ ነበረ። አይሆንም አልኩት። ሸጬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዕዳ አልነበረብኝም፤ እናንተ ግን የምትበሩባት አትኖርም ነበር።

የሰማኋችሁም ነገር አለ። ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት የምትሄዱ፣ ቀድማችሁ ከነገራችሁኝ የወር ክፍያው በዓመት እስከ ሁለት ወር ይቆምላችኋል። ገና በመማር ላይ ያላችሁ ፈቃዳችሁን እስክታገኙ ድረስ የወሩን ግማሽ ትከፍላላችሁ። ጁላይ 4 ሰሞን፣ የኢትዮጵያውያን ዓመታዊ የእግር ኳስ ዝግጅት ሲሆን ሁላችሁም አንድ ቀን ስለምትፈልጓት፣ ለዚያ ሳምንት ቅድሚያ የሚሰጠው በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ለበረሩት ነው። በዚያ ብርድ ሞተሯን በሕይወት የሚያቆዩልን እነሱ ናቸው።

የዓመቱ ፍተሻ በሚደረግበት ሳምንት ሃንጋሩ (የአውሮፕላኑ መጠለያ) ክፍት ነው። መጥታችሁ ሲሊንደሩን፣ ደረሰኞቹን፣ የኢንሹራንሱን ደብዳቤ በዓይናችሁ እዩ። ብዙውን ሥራ በእጄ ነው የምሠራው፤ ፊርማው ግን የኢንስፔክተሩ ነው፣ እሱንም ጠይቁት። ቡና ይፈላል።

አዲሱን ውል የምትፈርሙ እስከ ወሩ መጨረሻ ላኩልኝ። መልቀቅ የምትፈልጉም ካላችሁ ያስያዛችሁት ገንዘብ ሳይጎድል ይመለስላችኋል፤ ቂም የለም። ከመወሰናችሁ በፊት ግን ደውሉልኝና ያለፈውን ዓመት ሰዓታችሁን አብረን እናስላው። ብዙዎቻችሁ ከምታስቡት በታች እንደምትከፍሉ እርግጠኛ ነኝ። እንድትቀሩም እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት
ማናሳስ፣ ቨርጂኒያ