የሻወር ማሞቂያ ሻጮች ስለ ሽቦውም ይንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ኅዳር ወር የመታጠቢያ ቤታችንን የሻወር ማሞቂያ ለመቀየር ስነሣ፣ ሥራው ከአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚያልፍ አልመሰለኝም ነበር። ነገሩ አራት ሳምንት ያህል ከፈጀብኝና ቤቴን ለእሳት ሊዳርግ ጥቂት ከቀረው በኋላ ግን፣ እንደ እኔ በኮንዶሚኒየም የሚኖሩና ብርድ ሲገባ ማሞቂያ ለመግዛት የሚወጡ አንባቢዎች እንዲያውቁት፣ ይልቁንም ዕቃውን የሚሸጡልንና የሚገጥሙልን ሰዎች እንዲያነቡት በማለት ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

የቀድሞው ማሞቂያችን ሁላችንም ኢንስታንት የምንለው፣ ውሃው በውስጡ ሲያልፍ ብቻ የሚያሞቅ፣ 3,500 ዋት የሚወስድ ዓይነት ነበር። ስድስት ዓመት ካገለገለን በኋላ አንድ ማለዳ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ማውረድ ጀመረ። ክዳኑን ስንከፍተው ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው ጥምዝ ሽቦ፣ በነጭ የኖራ ቅርፊት ተሸፍኖ መሐል ላይ ተበጥሷል። ለዚያ ሞዴል የሚሆን ሬዚስታንስ ፈልጌ ስላጣሁ አዲስ ለመግዛት መርካቶ ወረድሁ። ባለሱቁ ትሑት ወጣት ነበር። «ጋሼ፣ ይኼኛው ጉልበት አለው፤ 5,500 ነው፤ ዋጋውም ከዚያኛው ብዙ አይለይም» አለኝ። ቤቴ የተዘረጋው ሽቦ ምን ያህል ውፍረት እንዳለው፣ ብሬከሬ ስንት አምፔር እንደሆነ፣ ውሃው ከመንገድ መስመር ይምጣ ከሮቶ አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። ዕድሜዬን በሙሉ በሒሳብ ሥራ የኖርሁ ሰው ሆኜ ሳለ 5,500ን ለ220 ማካፈል አለማሰቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቢካፈል 25 አምፔር ይመጣል። የድሮው የሚወስደው 16 ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ሲሆን፣ ብሬከሩም ባለ 16 ነበር። ስለዚህ አዲሱ ማሞቂያ በተገጠመ ማግስት፣ ሳሙና ተቀብቼ ሁለት ሦስት ደቂቃ እንደቆየሁ ብሬከሩ ወረደ፤ በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ማሞቂያውን የገጠመልኝን የቧንቧ ሠራተኛ መልሼ ጠራሁት። «ብሬከሩ አንሶት ነው ጋሼ» ብሎ ባለ 16ቱን አወለቀና ባለ 32 ተካበት። ሥራው ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ ችግሩም የተፈታ መሰለ። እኔም አመሰግኜ፣ የድካሙን ከፍዬ ሸኘሁት።

ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማ «የተቃጠለ ፕላስቲክ አይሸትህም?» አለችኝ። እኔ አልሸተተኝም ነበር፤ እርሷ ግን ልክ ነበረች። በዚህ ጊዜ የጠራነው የቧንቧ ሠራተኛ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ዋናውን መስመር አጥፍቶ የማሞቂያውን ክዳን ሲያነሣ፣ ሽቦዎቹ ከማሞቂያው ጋር የሚታሰሩበት ነጭ ፕላስቲክ እንደ ቡና ጠቁሮ፣ የቀዩ ሽቦ ልባስ ደግሞ ጣት የሚያህል ርዝመት ተኮማትሮና ተሰነጣጥቆ ተገኘ። ሲነካው እንደ ደረቀ ቅጠል ረገፈ። «ይህን ይዩልኝ ጋሼ» ብሎ ያሳየኝ ግን ከዚህም የከፋ ነገር ነበር፤ ግራውንድ የሚባለው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ተቆርጦ ወደ ኋላ ታጥፎ ክዳኑ ሥር ተወትፏል። ሬዚስታንሱ አንድ ቀን ቢሰነጠቅ፣ ወደ ውሃው የሚገባው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት ሌላ መንገድ ስለማያገኝ በሚታጠበው ሰው ገላ በኩል ለማለፍ ይሞክራል ማለት ነው። ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ፣ ኤሌክትሪክ በትንሹ ሲያፈስ በቅጽበት የሚያቋርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከርም በቤታችን አልነበረም።

ባለሙያው ያስረዳኝን እንደገባኝ ልድገመው። ብሬከር የሚጠብቀው በግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ነው እንጂ ማሞቂያውን አይደለም። በእኛ ቤት እንደተዘረጋው ያለ ባለ 2.5 (ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ) ሽቦ፣ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ያለ ሥጋት የሚሸከመው 20 አምፔር ገደማ ሲሆን፣ 25 አምፔር በየቀኑ ሲያልፍበት፣ በተለይም ብሎኑ በደንብ ያልጠበቀ መጋጠሚያ ላይ ይግላል። ባለ 16ቱ ብሬከር ይወርድ የነበረው ይህን ለመከላከል ነው፤ ተበላሽቶ ሳይሆን ሥራውን እየሠራ ነበር። በባለ 32 ሲተካ ጠባቂው ተነሣ፤ ሽቦው ቢቀልጥ እንኳ የሚያቋርጥ ነገር አልቀረም። ይህን ድርጊት የፈጸመው ሰው ክፉ አይደለም፤ ሊረዳኝ ፈልጎ ያደረገው ነው። በየሰፈራችን ስንት ቤት ውስጥ እንዲህ ተደርጎ ይሆን እያልሁ ግን እንቅልፍ ያጣሁባቸው ሌሊቶች አሉ።

የሚገርመው ደግሞ ያ ሁሉ ዋት ለሙቀቱም ያን ያህል አለመጥቀሙ ነው። ባለሙያው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድና ምድጃ በጣደበት ጊዜ፣ የቤታችንን ኃይል ሲለካ 185 ቮልት አገኘ። በዚህ መጠን 5,500 ዋት የተባለው ማሞቂያ የሚሰጠው ከ3,900 ብዙም አያልፍም። በዚያ ላይ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሮቶው ከሻወሩ ራስ ከፍ የሚለው በሁለት ሜትር ብቻ ስለሆነ ግፊቱ 0.2 ባር ገደማ ነው። ማሞቂያው ግን ለመነሣት 0.3 ባር እንደሚፈልግ በካርቶኑ ጎን በቻይንኛና በእንግሊዝኛ፣ መነጽር በሚያስፈልገው ፊደል ተጽፏል። ለካስ አንዳንድ ቀን ጨርሶ የማይነሣው ለዚህ ኖሯል! ፓምፕ ግጠም ያሉኝ ነበሩ። ከሮቶው በታች የሚገጠም ከሆነ ክፋት የለውም፤ በቀጥታ ከመንገድ መስመር የሚስብ ፓምፕ ግን የጎረቤትን ውሃ ከመሻማቱም በላይ ቧንቧው በተሰነጠቀበት ቦታ ሁሉ ቆሻሻ ስቦ ስለሚያስገባ፣ እንዲህ የሚያደርጉ ጎረቤቶቼን በዚህ አጋጣሚ ብወቅሳቸው አይቀየሙኝ።

በመጨረሻ ሁለት ምርጫ ቀረበልኝ። አንደኛው ከቆጣሪው እስከ መታጠቢያ ቤቱ ራሱን የቻለ ባለ 6 ሽቦ ማዘርጋት ነበር። ይሁንና የቤታችን ዋና ብሬከር 32 አምፔር ሲሆን፣ 3,500 ዋት የሚወስደው የእንጀራ ምጣድ ከማሞቂያው ጋር አንድ ላይ ቢሠራ 41 አምፔር ገደማ ስለሚደርስ፣ ሽቦው ቢለወጥም «ምጣድ ሲጣድ ሻወር አይገባም» የሚለው የቤታችን ሕግ አይሻርም። ሁለተኛውን መረጥሁ፤ 50 ሊትር የሚይዝና 1,500 ዋት ብቻ የሚወስድ ቦይለር ገዛሁ። ከ7 አምፔር አያልፍም። ለማሞቅ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ኃይሉ ሲደክም ይዘገያል እንጂ አይሰንፍም፤ መብራት ቢጠፋም የሞቀው ውሃ ይቆያል። ባለ 16ቱ ብሬከር ወደ ቦታው ተመለሰ፣ የተቃጠለው የሽቦ ጫፍ ተቆርጦ ወጣ፣ ግራውንዱ ታሰረ፣ ባለ 30 ሚሊ አምፔሩም ተጨመረ። አስቸጋሪው ማንጠልጠሉ ነበር። ቦይለር ውሃ ሲሞላ ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የክፍሎቻችን ግድግዳ ደግሞ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ስለሆነ ብሎን የሚጠብቅበት ተራ የፕላስቲክ ፊሸር አይዝም። ግድግዳውን ከወዲህ ወዲያ አልፎ በሌላኛው ወገን በብረት ሰሌዳ የሚታሰር ረጅም ብሎን አስፈልጓል፤ የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ አሁን አራት የብሎን ራሶች ይታያሉ።

ወደ መርካቶ ተመልሼ 5,500ውን እንዲቀበለኝ ባለሱቁን ብጠይቀው «የተገጠመ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲያስለውጥ ወይም ገንዘቡን እንዲያስመልስ ይፈቅዳል። እኔ ግን ቀኑም አልፎብኛል፤ እውነቱን ለመናገር ዕቃውም ጉድለት አልነበረበትም። የጎደለው ለዕቃው የሚያስፈልገውን ነገር የሚናገር ሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ማሞቂያ የሚያስመጡ ነጋዴዎች በካርቶኑ ፊት ለፊት፣ በአማርኛ፣ በጉልህ ፊደል አራት ነገሮች ይጻፉልን፦ ስንት አምፔር እንደሚወስድ፣ የስንት ሽቦ እንደሚያስፈልገው፣ ስንት ባር ግፊት እንደሚፈልግ፣ ያለ ግራውንድ እንዳይገጠም። የሚቆጣጠረው አካልም ይህ የሌለበት ዕቃ ገበያ እንዳይወጣ ያድርግ። የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማኅበራትም ለአጥርና ለጥበቃ እንደምናዋጣው ሁሉ፣ የየቤቱን ብሬከርና ሽቦ የሚያይ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በዓመት አንድ ጊዜ ቢያመጡ የሚጠየቀውን ለመክፈል እኔ ዝግጁ ነኝ።

5,500ው እስካሁን በካርቶኑ ውስጥ ሆኖ በረንዳችን ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ከሁለተኛ ፎቅ አንዲት ጎረቤታችን በግማሽ ዋጋ ልትወስደው መጥታ ነበር። «ሽቦሽ ስንት ነው?» ብዬ ብጠይቃት እንደማታውቅ ነገረችኝ። የባለሙያውን ስልክ ሰጥቼ ሸኘኋት፤ ካየላት በኋላ እንነጋገራለን።

ስሜ እንዳይወጣ አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ ከአዲስ አበባ