ጣሪያ አንስቶ ለጠፋ ሰው ጠበቃ አትሁኑለት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሥራ ጥለው ስለሚጠፉ የቤት እድሳት ኮንትራክተሮች ያወጣችሁት ዘገባ ደሴ ውስጥ ብዙ ሰው እጅ ገብቷል። እኔም አንብቤዋለሁ። ያንገበገበችኝ መሃሉ ላይ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። «ውላቸውን በጽሑፍ ያላደረጉ ባለቤቶች በሕግ መጠየቅ አይችሉም» ትላለች።

ይህ ስህተት ነው። ሰው የሚጎዳ ስህተት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1719 ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። ሕጉ ራሱ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል በቃልም ይጸናል። ቤት ለመሸጥ ከሆነ አዎ፣ ቁጥር 1723 የተጻፈና የተመዘገበ ውል ይጠይቃል። ጋዜጠኛው ሁለቱን ያምታታ ይመስለኛል። እኛ ግን ቤታችንን አልሸጥንም። ጣሪያ ቀይርልን፣ ግድግዳ ለስንልን ነው ያልነው። ማስረጃውስ ከተባለ ቁጥር 2002 ምስክርንም ይቀበላል። ቀብዱን በባንክ የላከ ሰው ደግሞ ደረሰኙ በእጁ ነው።

አንድ ነገር አልክድም። ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ቁጥር 1725 ይላል። እኛ ደግሞ «እገሌ ዋሴ ነው» ከተባልን ወረቀት መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ያ ዋስ ነገ ዞር ቢል መያዣ የለንም። ይህን ጽፋችሁ ቢሆን ባመሰገንኋችሁ ነበር። ግን ዋሱ ቢቀርም ገንዘቡን የበላው ሰውዬ ነጻ አይወጣም።

የእኔን ልንገራችሁ። ቤቴ ጦሳ ሥር ነው፤ ከአባቴ የወረስሁት የጭቃ ቤት። ሰውየው ጎረቤት ባለበት ተስማማ፣ ቀብዱን ተቀበለ፣ ቆርቆሮውን አነሳ፣ የበሰበሰውን ማገር ነቀለ። ከዚያ ስልኩን ዘጋ። ክረምቱ ገብቶ ነበር። የደሴን ዝናብና ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሸራ ወጥረን፣ የእናቴን አልጋ ማድቤት አስገብተን ከረምን። ልስኑ ሁሉ ረግፎ ወደቀ። የእናቴ ሳል እስካሁን አልለቀቃትም።

ዘገባችሁ ኮንትራክተሮቹ የሚጠፉት የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ስለሚንርባቸው ነው ይላል። እኔ ዘንድ ሲሚንቶውንም፣ ቆርቆሮውንም፣ ሚስማሩንም የገዛሁት ራሴ ነኝ። እሱ የተስማማው በእጅ ዋጋ ብቻ ነበር። ምን ናረበት? ዕቃውን በራሳቸው የሚችሉትም ቢሆኑ ሕጉ ቁጥር 1794 ላይ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመርን ከአቅም በላይ ከሆነ ምክንያት አይቆጥረውም። ዋጋ ቢከብደው መጥቶ ይናገራል፤ የሰው ጣሪያ አንስቶ አይጠፋም።

ከሁሉ ያመረረኝ የጎረቤቴ ነገር ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ቤታቸው የተጎዳባቸው እናት ናቸው። ልጆቻቸው አዋጥተው በላኩት ገንዘብ እድሳት አስጀመሩ። ሰውየው ግማሽ ላይ ጥሎ ሄደ። ሽማግሌ ሲቀመጥ ወንድሙን ላከ። ወንድሙ ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? የእናንተን ዘገባ! ስልኩ ላይ አውጥቶ «አባቶቼ፣ ይኸው፣ መጠየቅ እንደማይቻል ተጽፏል» አለ። አንደኛው ሽማግሌ «ልጄ፣ ሲስማሙ እኔ እዚያው ቡና እየጠጣሁ ነበር፤ የሰማሁትን አልሰማሁም ልበል?» ብለው መለሱለት። ጎረቤቴ ግን ተስፋ ቆረጡ። «ጋዜጣው አይቻልም ካለ እኔ ማነኝ?» ብለው ክሱን ተዉት።

ዘገባው ኮንትራክተሮችን አነጋግሯል። ጣሪያው የተነሳበትን አንድም የደሴ ሰው አላነጋገረም። የኮምቦልቻም፣ የወልድያም ሰው ድምፅ የለበትም። ፎቶውን ግን ከእኛ ሰፈር ነው ያነሳችሁት። በራችን ላይ ካሜራ ይዞ የቆመ ሰው በሩን ማንኳኳት ለምን አቃተው?

ቢያንኳኳ ኖሮ ለአንባቢ የሚጠቅም ነገር ይዞ ይሄድ ነበር። ለምሳሌ ቁጥር 1772 ከክስ በፊት ለሰውየው ማስጠንቀቂያ መስጠት እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ቀን ያለው ደብዳቤ ጽፎ፣ ቅጂውን ማስቀረት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ ተናዶ በማግስቱ ሌላ ግንበኛ ያስገባል። አዲሱ ግንበኛ ሥራውን ከነካካው በኋላ የፊተኛው የት ድረስ እንደሠራ በምን ይታወቃል? መጀመሪያ ፎቶ ይነሳ፤ ሥራ የሚያውቅ ሰው ምስክሮች ባሉበት ይለካው። የተረፈው ዕቃም ይቆጠር። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ተበድሎ ግራ ለገባው ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ማስተካከያ አውጡ። ከታች በደቃቅ ፊደል ሳይሆን፣ ዘገባው በወጣበት ቦታና በዚያው መጠን። የጎረቤቴን ጉዳይ ሽማግሌዎቹ በመጪው ቅዳሜ እንደገና ያዩታል፤ የሰውየው ወንድምም እንደሚመጣ ልኳል። ማስተካከያው ከቅዳሜ በፊት ይድረስልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ