በሩ ላይ ምን ይጠብቀኛል? ለጤና ሚኒስቴር እና ለብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የቀድሞ ወታደሮች ለሱስ ሕክምና መጀመሪያ ሲመጡ ስለሚገጥማቸው ነገር

ክቡራን፣

በ1991 ዓ.ም.፣ በኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ጊዜ፣ ጾረና ግንባር ነበርኩ። በ1993 ዓ.ም. የመሰናበቻ ወረቀቴን ይዤ ሰሜን ሸዋ፣ ቤተሰቦቼ ጋ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ ስድስት ዓመታት ባጭሩ ይነገራሉ፦ ቀን ጫት፣ ማታ አረቄ። ጨብሲ የሚሉትን የማታውቁ ካላችሁ፣ ምርቃናውን በመጠጥ መስበር ማለት ነው። መጀመሪያ የጠጣሁት ለእንቅልፍ ብዬ ነው። ሌሊት ስቃዥ ባለቤቴ እየጮኸች ትቀሰቅሰኝ ነበር። ሁለት መለኪያ ስወስድ ሳልቃዥ ይነጋል። ብርዱም ያመካኛል፤ የኛ አገር ሰው አረቄን ካፖርት ነው የሚላት። ሁለቱ መለኪያ ግን ሁለት ሆኖ አልቀረም።

አሁን ካቆምኩ ስምንት ዓመት አልፎኛል። የምጽፍላችሁ ግን ስለ መተዉ አይደለም። ስለ አንዲት ሰዓት ነው። አንድ የቀድሞ ወታደር «እርዱኝ» ብሎ ከቤቱ ወጥቶ ባለሙያ ፊት እስኪቀመጥ ድረስ ስላለችው ሰዓት። ብዙዎቻችን የምንቀረው እሷ ላይ ነው። ሕክምናው ከብዶን አይደለም፤ ሳንደርስበት ነው።

የእኔን ልንገራችሁ። በ2009 ዓ.ም. ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄድኩ። ስሙ ይቅር። እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ጠዋት አንዲት መለኪያ ቀምሼ ነበር። በር ላይ ያለው ጥበቃ ፈተሸኝ፣ አሸተተኝ፣ «ሰክረህ ነው ሐኪም ቤት የምትመጣው?» አለኝ። የድሮ ወታደር እንደሆነ አቋቋሙ ነገረኝ። እኔም የሱ ቢጤ እንደሆንኩ ገብቶት ይሆናል፣ አሳለፈኝ። ካርድ ክፍል ደረስኩ። ከኋላዬ ሃያ ሰው ተሰልፏል፤ የጎረቤቴ እናት አሉበት። ልጅቷ በመስኮቱ «ምንህን ነው የሚያምህ?» አለችኝ፣ ጮክ ብላ። ጨጓራዬን ነው አልኩ። የጨጓራ መድኃኒት ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እውነት ለመናገር ጨጓራዬም ያመኝ ነበር።

ልጅቷን አልወቅስም። ሥራዋ ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው። ግን ያቺ አንዲት ጥያቄ ከእኔ ብዙ ወር ወስዳለች። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ «ለሐኪም ምን ያስፈልገኛል፣ ወታደር አይደለሁ እንዴ?» ብዬ በራሴ ለማቆም ወሰንኩ። አንድ ማክሰኞ ማታ ጠርሙሱን ደፋሁት። ረቡዕ ጠዋት ብርጭቆ መያዝ አልቻልኩም። ላብ፣ ማስመለስ፣ ልቤ እንደ ከበሮ። ረቡዕ ማታ ወድቄ ተንፈራገጥኩ። ባለቤቴ ሰይጣን ነው ብላ ጸበል ልትወስደኝ ጎረቤት ጠራች። አልፈርድባትም። ማንም የነገራት ሰው አልነበረም።

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ! ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም፣ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ መንቀጥቀጡ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደ እኔ ሊጥለው ይችላል። ሦስተኛው ቀን አካባቢ ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ ቀንና ቦታ መሳት ይመጣል። ይሄ ሳይታከም ሲቀር ሰው ይገድላል። ጥይት የሳተው ሰው በዚህ ሊሞት ይችላል ማለት ነው፣ ያውም ሊድን ሲል። በየትኛውም የመሰናበቻ ሥልጠና ላይ ይህን የነገረኝ የለም። የጠመንጃ አፈታትና አገጣጠም ግን እስከ ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ።

ያዳነኝ አንድ የአእምሮ ጤና ነርስ ነው። ወጣት ነው፣ ልጄ ቢሆን ነው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር በሩን መዝጋት ነበር። ከዚያ ተቀመጠ። «መጨረሻ የጠጣኸው መቼ ነው?» አለኝ። ሊያሳፍረኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ሰዓቱን የሚፈልገው መንፈራገጡ መቼ ሊመለስ እንደሚችል ለማስላት ነው። በፊት ወድቄ እንደማውቅ ጠየቀኝ። ሌላ ምን እንደምወስድ ጠየቀኝ፤ ጫቱንም ጻፈ። ራሴን ለማጥፋት አስቤ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ያንን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ዝም አልኩ፣ እሱም ዝም ብሎ ጠበቀኝ።

ቀጥሎ 10 ጥያቄዎች ያሉት ወረቀት አወጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ነው። በስንት ቀኑ ትጠጣለህ፣ ጠዋት ካልቀመስክ መንቀሳቀስ ያቅትሃል ወይ፣ በመጠጥህ የተነሳ የተጎዳ ሰው አለ ወይ፣ እንዲህ ዓይነት። ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ነው። 8 ሲደርስ መጠንቀቅ ነው፤ 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሱሱ ሥር ሰዷል ተብሎ በደንብ ይመረመራል። እኔ 31 አመጣሁ። በትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ውጤት አምጥቼ አላውቅም። ሳቅን። እንዴት እንደቀለለኝ!

ከዚያ የደም ምርመራ፣ የጉበት። ለጥቂት ቀናት እየተቀነሰ የሚሄድ ዳያዜፓም፣ አብሮም ቫይታሚን ቢ1፤ መጠጥ ይህን ቫይታሚን ከሰውነት ስለሚያሟጥጥ አእምሮ እንዳይጎዳ ነው አሉኝ። መድኃኒቱን ባለቤቴ እንድትይዝ ተደረገ። ለጫቱ የሚዋጥ ነገር እንደሌለ፣ ለጥቂት ሳምንት ድብርቱንና የእንቅልፍ መዛባቱን መቻል እንዳለብኝ ቁርጡን ተነገረኝ። አልጋ ላይ ያሰረኝ የለም። የቆለፈብኝ የለም። እጅግ የፈራሁትን ነገር ደግሞ ጭራሽ አልጠየቀኝም፤ ጾረና ላይ ምን እንዳየሁ። «ስለሱ ስትፈልግ፣ ሌላ ጊዜ» አለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ነገርኩት።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ይህን ሁሉ አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ካርድ ክፍል ጨጓራ እል ነበር?

አሁን ጊዜ ሳገኝ ሰው እሸኛለሁ። ሹመት የለኝም፤ እስከ በሩ አብሬ እሄዳለሁ፣ ከተፈቀደልኝም እስከ ውስጥ። የደርግ ጊዜ ወታደር የነበሩ ባሻ አሉ፣ ሰፈራችን። በ1983 ዓ.ም. ከተበተነው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሠራዊት አንዱ ናቸው። የመጋዘን ጥበቃ ነው የሚሠሩት። ስድስት ወር ለመንኳቸው። «ለሻዕቢያ እጄን አልሰጠሁም፣ ለነርስ ልሰጥ ነው?» ይሉኛል። አንድ ማታ ግን በቀስታ ጠየቁኝ፦ «ስሜ ከተመዘገበ ለመሥሪያ ቤቴ ይነግራሉ? ጠመንጃውን ይቀሙኛል?»

ክቡራን፣ ባሻን ያስቀራቸው ይሄ ነው። ኩራት መስሏችሁ እንዳይሆን። ከሠራዊት የተሰናበተ ሰው ስንቱ በጥበቃ ሥራ እንደሚኖር ታውቃላችሁ። ለሱ ካርድ ማውጣት እንጀራውን እንደማስያዝ ነው። የሕሙማን ምስጢር መጠበቅ የሕክምና ሙያ ግዴታ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ባሻ አያውቁም። ምስጢሩ በምን ሁኔታ ሊወጣ እንደሚችል፣ በምን ሁኔታ እንደማይወጣ ቁርጡን የሚነግራቸው ወረቀት የለም። እኔ «አይናገሩም» አልኳቸው። እኔ ግን ማን ነኝ? ማኅተም የለኝም።

ማኅተሙ ያለው እናንተ ጋ ነው። ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። «ስትመጣ እንዲህ እንጠይቅሃለን፣ እንዲህ እናደርጋለን፣ እንዲህ አናደርግም» የሚል። በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሌሎችም። ሰው በሚናገረው ቋንቋ ይጻፍ እንጂ በስብሰባ ቋንቋ አይሁን። ማንበብ ለማይችለው በሬዲዮ ይነበብ። ቀበሌ ላይ፣ ጡረታ የሚከፈልበት ቦታ፣ ጤና ጣቢያ በር ላይ ይለጠፍ። በጤና መድን የሚታከም ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሪፈር እንደሚያጽፍም ይግባበት። በገዛ እጁ በአንዴ እንዳያቆም የሚለው ደግሞ በትልቅ ፊደል ይሁን።

ወረቀቱን ከማውጣታችሁ በፊት ግን ጥበቃዎቹንና የካርድ ሠራተኞቹን አሠልጥኑልኝ። ሐኪሞቹ ያውቃሉ። ሕመምተኛውን መጀመሪያ የሚያገኘው ግን ሐኪሙ አይደለም፤ በር ላይ ፍተሻ የያዘው ሰው ነው። መጠጥ መጠጥ የሚሸት ሰው ሲመጣ መጠጡ ራሱ ሕመሙ እንደሆነ ይወቅ። ወባ የያዘውን ሰው «ትኩሳትህ ሲበርድልህ ና» የሚል የለም። ካርድ ክፍልም «ምንህን?» ከማለት የሚቀል ነገር አይጠፋም። በወረቀት ላይ ጣቱን የሚያሳርፍበት ምልክት ይበቃል።

ስለ ስልክም አንድ ነገር ልበል። በኮሮና ጊዜ 8335ን እና 952ን የማያውቅ አልነበረም፤ ልጆች ሳይቀሩ በቃላቸው ይሉት ነበር። ቁጥር ማስተዋወቅ እንደምትችሉ አይተናል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ብቻውን ተቀምጦ ለሚንቀጠቀጥ ሰውም መስመር ይከፈትለት፤ የሚያነሳውም «መጨረሻ የጠጣኸው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚያውቅ ሰው ይሁን።

ስለ ጸበል መጨቃጨቅ አልፈልግም። ባለቤቴ አሁንም ጸበል ትወስደኛለች፣ መድኃኒቴንም ያስዋጠችኝ እሷው ናት። ሰውን «ወይ ይሄ ወይ ያ» አትበሉት።

የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለሚመልሰው ተሃድሶ ኮሚሽን ለብቻው የምለው አለኝ። በሰባት ክልሎች 371,971 የቀድሞ ተዋጊዎች አሉ ብላችኋል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጀመራችሁት የመጀመሪያው ዙር ብቻ 75,000 ሰው ይመለከታል። እኛ ስንሰናበት ሰነድ ተሰጠን፣ ገንዘብ ተሰጠን፣ መኪና ላይ ወጣን። ገንዘቡ የት እንደገባ አትጠይቁኝ። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ግቢ ተሰብስቦ በእጃችሁ ላይ የሚገኝበት ጊዜ ያ ብቻ ነው፤ ከወጣ በኋላ በየቀበሌው ፈልጋችሁ አታገኙትም። እነዚያን 10 ጥያቄዎች እዚያው ጠይቁት። ቅጹን መሙላት ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ከፍ ያለ ውጤት ያመጣውን፣ ሲሄድ በሚኖርበት ወረዳ የት ጤና ጣቢያ፣ የትኛው ክፍል፣ ማንን እንደሚያገኝ ጽፋችሁ ስጡት። ማን ወገን ሆኖ ተዋጋ የሚለው ለዚህ ጉዳይ አያስፈልግም። ቅዠቱ ወገን የለውም።

ባሻ በመጨረሻ ሄዱ። ሱፍ ለብሰው፣ ሜዳሊያቸውን አድርገው። ነርሷ ሴት ነበረች። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ። ሲወጡ «ምን አለችዎት?» አልኳቸው። «ምንም አልተቆጣችኝም» አሉኝ፣ ቅር ያላቸው ይመስል። ጨርሰው አላቆሙም፤ ሁለቴ አገርሽቶባቸዋል። በየሁለት ሳምንቱ ግን ይሄዳሉ። ካርዳቸውን በመታወቂያቸው ውስጥ አጥፈው ነው የሚይዙት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ልጅ ደወለልኝ። ከ2013ቱ ጦርነት የተመለሰ ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ። ስልኬን ከባሻ ነው ያገኘው። ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፦ «ጋሼ፣ ሳልቀምስ መንቀሳቀስ አልችልም። ቀምሼ ብመጣ ያስገቡኛል?» አለኝ።

መልሱ በዕለቱ በር ላይ ተረኛ በሆነው ሰው ላይ የተንጠለጠለ ነው። እንዲህ ብዬ ልነግረው አልቻልኩም። እስከዚያ በአንዴ እንዳያቆም፣ ቢያመው ሌሊትም ቢሆን እንዲደውልልኝ ነገርኩት። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ጋ ተቀጣጥረናል። ቀድሜው እደርሳለሁ፤ ጥበቃውን አስቀድሜ ላናግረው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ ወታደር
ሰሜን ሸዋ