«የዘመናት ቂም» የሚለው ማብራሪያ አይበቃም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ኢራቅም ሆነ ስለ ሊባኖስ በሚወጡ ጽሑፎች ላይ ግጭቱ «ከሱኒና ከሺዓ የዘመናት ቂም» የመነጨ ነው የሚል ማብራሪያ ደጋግሜ ስለማነብ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። የእነዚህ ሁለት የእስልምና ወገኖች የእምነት ልዩነት ጥንታዊ መሆኑ አያከራክርም፤ ልዩነቱን የሥልጣን መግቢያ በር ያደረገው ግን በቅርብ ዘመን በፖለቲከኞች ስምምነት የተበጀ ድልድል ነው።

ሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ1943 ነፃነቷን ስታገኝ መሪዎቿ ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ እንዲሆኑ በቃል ተስማሙ፤ የአፈ ጉባኤነቱ ወንበርም የሺዓ ድርሻ ሆኖ ጸና። የምክር ቤቱ መቀመጫ በ1932 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ 6 ለክርስቲያን፣ 5 ለሙስሊም በሚል ስሌት ተከፈለ። ከዚያ ወዲህ ይፋዊ ቆጠራ ተካሂዶ አያውቅም፤ ውጤቱ ድልድሉን ያናጋል ተብሎ ይፈራልና። የእርስ በርስ ጦርነቱን ለመቋጨት በ1989 የተፈረመው የጣኢፍ ስምምነት ድርሻውን እኩል አደረገ፤ በሃይማኖት ወገን የተመሠረተውን ፖለቲካም ደረጃ በደረጃ ለማስቀረት ቃል ገባ። ዛሬም 128ቱ መቀመጫዎች 64 ለ64 እንደተከፈሉ ናቸው።

ድልድሉ እስከ ቤተሰብ መዝገብ ድረስ ይወርዳል። ዕድሜውን ሙሉ ቤይሩት የኖረ ሰው ድምፅ የሚሰጠው የአያት ቅድመ አያቶቹ መዝገብ ባለበት መንደር ነው፤ ያገባች ሴት ደግሞ መዝገቧ ወደ ባሏ ይዛወራል። በሀገር ውስጥ በማዘጋጃ ቤት የሚፈጸም ጋብቻ ባለመኖሩ፣ እምነታቸው የተለያየ ብዙ ጥንዶች ለመጋባት ወደ ቆጵሮስ ይሻገራሉ። ሥራም ሆነ የሕክምና ድጋፍ የሚገኘው በወገኑ አለቃ በኩል ሲሆን፣ ሰው ወገኑን የሙጥኝ ማለቱ ሌላውን ስለሚጠላ ነው ብሎ መደምደም ትልቅ በደል ይመስለኛል።

ኢራቅም በዚሁ መንገድ ሄዳለች። በአሜሪካ ወረራ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003፣ የተቋቋመው የአስተዳደር ምክር ቤት 25 አባላቱ 13 ሺዓ፣ 5 ሱኒ ዓረብ፣ 5 ኩርድ፣ 1 ቱርክመንና 1 አሦራዊ ተብለው ተመደቡ። ኢራቃውያን «ሙሐሰሳ» የሚሉት ይህ ክፍፍል ሚኒስቴሮችን ከነበጀታቸው ለፓርቲዎች አከፋፈለ። በ2006 በሳማራ ከተማ ያለው የሺዓዎች መቅደስ በቦምብ ከተመታ በኋላ በባግዳድ ኬላዎች ላይ ሰዎች በመታወቂያቸው ላይ በሰፈረው፣ ወገናቸውን በሚጠቁመው ስም ብቻ ተገድለዋል። የውጭ መንግሥታት እጅ እንዳለበት አውቃለሁ፤ እነርሱም ቢሆኑ የገቡት ይኸው ድልድል በከፈተላቸው ቀዳዳ ነው።

በጥቅምት 2019 ባግዳድ ታሕሪር አደባባይ ላይ «ሀገር እንፈልጋለን» ብለው የጮኹት ወጣቶች፣ በደቡብ ኢራቅ ከተሞች በናስሪያና በባስራ እንደተሰለፉት ሁሉ፣ አብዛኞቹ ሺዓዎች ነበሩ፤ የተቃወሙትም ሺዓ ፓርቲዎች የሚመሩትን መንግሥት ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩት ሕይወታቸውን ከፍለዋል። በዚያው ወር በቤይሩት «ሁሉም ማለት ሁሉም» እያለ የወጣው ሕዝብ የራሱን ወገን መሪዎች ጭምር ከሥልጣን ውረዱ ብሏል። የዘመናት ቂም የሚለው ማብራሪያ እነዚህን ሰዎች የት ያስቀምጣቸዋል?

የበሽር አል አሳድ አገዛዝ በታኅሣሥ 2024 ከወደቀ ወዲህ ሶሪያም ሥልጣን ለማን፣ በምን መስፈርት ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ተደቅኖባታል። በዚያ ስላሉት የእምነትና የብሔር ወገኖች፣ ስለ ዐላዊው፣ ስለ ድሩዙ፣ ስለ ኩርዱና ስለ ክርስቲያኑ ስትዘግቡ፣ ማን ከማን ተጋጨ ከሚለው ባሻገር የጦሩ አዛዥነት፣ የዳኝነቱ ወንበርና የመንግሥት በጀት በማን እጅ እንደገባ በዝርዝር እንድታሳዩን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ