በቫኖቻችን ላይ ስለተለጠፈው ጽሑፍ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን በቫኖቻችን የኋላ መስታወት ላይ «በባሕራችን አዲስ የነዳጅ ቁፋሮ ይቅር» የሚል ጽሑፍ ለጥፈናል። ብዙዎቻችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቃችኋል። አንድ ጋሼማ ሳቅ ብለው «ታዲያ ቫኑ የሚሄደው በውኃ ነው እንዴ?» አሉን። ልክ ናቸው፤ በቤንዚን ነው።

ሥራችንን ታውቁታላችሁ። ቅዳሜና እሁድ ቤተሰብ ከሎስ አንጀለስ ጭነን ወደ ሳንታ ባርባራ ወይም ሃንቲንግተን ቢች እንወስዳለን። ባሕሩ ከተበላሸ እኛም የለንም። በኦክቶበር 2021 ሃንቲንግተን ቢች አጠገብ ባሕር ውስጥ የተዘረጋ ቱቦ ተቀዶ ወደ 25 ሺህ ጋሎን ድፍድፍ ነዳጅ ሲፈስ ዳርቻው ተዘጋ። እኛም የልደት ጉዞ ሰርዘን ገንዘብ መለስን። ቱቦውን የጎዳው የመርከብ መልሕቅ ነው፤ ያውም ከወራት በፊት።

የሳንታ ባርባራው ደግሞ ይብሳል። ጃንዋሪ 28 ቀን 1969 ከዳርቻው 6 ማይል ያህል ርቆ በቆመው «ፕላትፎርም ኤ» በተባለ የነዳጅ መቆፈሪያ መድረክ ላይ ጉድጓዱ ገነፈለ። ሠራተኞቹ አፉን ቶሎ ዘጉት። ግን ጉድጓዱን ከውስጥ የሚደግፈው የብረት ቱቦ ደንቡ ከሚለው ያጠረ ነበር፤ ለዚያውም መንግሥት ፈቅዶ! አፉ ሲታፈን ግፊቱ የባሕሩን ወለል ሰንጥቆ ወጣ። የተሰነጠቀ ወለል በምን ይደፈናል? 3 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ፈሰሰ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች አለቁ።

«እዚያ እግራችን ላይ የሚጣበቀው ሬንጅ የተፈጥሮ ነው እኮ» ያላችሁንም ሰምተናል። እውነት ነው፤ ከባሕሩ ወለል ሥር በራሱ የሚወጣ ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ቹማሾች የጀልባቸውን ቀዳዳ የሚደፍኑት በሱ ነበር። ግን ጠብ ጠብ የሚልና ባንዴ የሚዘረገፍ ለየቅል ናቸው። (ሬንጁን በምግብ ዘይት አሹት፣ ይለቃል። ቫናችን ውስጥ ጠርሙስ አለ።)

ከ1984 ወዲህ የፌዴራል መንግሥት በካሊፎርኒያ ባሕር ላይ አዲስ የቁፋሮ ጨረታ አላወጣም። በኖቬምበር 2025 የቀረበው ረቂቅ ዕቅድ ግን ስድስት ጨረታዎችን ይዟል። የምንቃወመው ይህን ነው። ያሉት ጉድጓዶች ዛሬውኑ ይዘጉ አላልንም፤ ቤንዚን እየቀዳን እንዲህ ብንል ያሳፍረናል።

ጽሑፉ ያልተመቸው ካለ ለሾፌሩ ሳይሆን ለእኛ ይደውል፤ ቁጭ ብለን እናወራለን። ዋጋችን አልተለወጠም። የሳንታ ባርባራው ቫን እንደወትሮው ቅዳሜ ጠዋት፣ በሀበሻ 1 ሰዓት ይነሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከቫን አገልግሎታችሁ